ከሆስፒታል ለወጣች የ15 ዓመት ልጅ የሀበሻ ምግብ እንዴት ይታቀድ? ፍልሰታስ?

እናት_ሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዩን በሙያ የምታውቁ እንድትመልሱልኝ ነው የምጽፈው።

ልጃችን 15 ዓመቷ ነው። አኖሬክሲያ ነርቮሳ (መወፈርን በመፍራት ምግብ የመተው ሕመም) ተብላ፣ የልብ ምቷም በጣም ወርዶ ስለነበር ሆስፒታል ተኝታ ባለፈው ሳምንት ወጥታለች። ይዘን የወጣነው ወረቀት በቀን 3 ዋና ምግብና 3 መክሰስ፣ በድምሩ 2,800 ካሎሪ ገደማ ይላል። ምሳሌው ሁሉ ግን ፓስታ፣ ሳንድዊች፣ ግራኖላና ቺዝ ነው። እኛ ቤት የሚበላው እንጀራ ነው።

እንጀራና ወጥ ይህን ሊሞላ ይችላል ወይ? ግማሽ እንጀራ ሳትጨርስ «ሆዴ ተነፋ» ትላለች። የምትመርጠው ጎመን፣ ሰላጣና ዘይት ያልነካው ሽሮ ነው፤ «ጤናማ እኮ ነው» ስትለኝ መልስ አጣለሁ። አንድ ትሪ ከበን ስለምንበላ ምን ያህል እንደገባላት በትክክል አናውቅም። ወተት ደግሞ ሆዷን ያጮኸዋል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ «እንደ ሌላ ጊዜው ልጹም» ብላለች፣ አያቷም ደግፈዋታል። ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ከየቱ ልጀምር?

ቂንጬ_በቅቤ

እህቴ፣ ሥራዬ በዚሁ ሕመም ለተያዙ ወጣቶች የምግብ ዕቅድ ማውጣት ነው። ከትሪው ጀምሪ።

አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ እንጀራው ይቆራረሳል፣ ወጡ ይገፋፋል፣ እጅ ይመላለሳል፣ ግን ወደ አፍ የገባውን ማንም አይቆጥርም። ስለዚህ ለጊዜው የየራስ ሳህን ይሁን። የእሷ ብቻ ሳይሆን የሁሉም፤ ለብቻዋ ሳህን ሲቀርብላት እንደ ቅጣት ይሆንባታል። ሳህኑን የምትሞዪው አንቺ ወይም አባቷ ናችሁ፤ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ እሷ በሌለችበት። ስታበስዪ አጠገብሽ ከቆመች በእያንዳንዱ የዘይት ማንኪያ ላይ ክርክር ይነሳል፣ ክርክሩን ደግሞ አታሸንፊውም፤ የምትከራከርሽ ልጅሽ ሳትሆን ሕመሙ ነው። የካሎሪ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አይነሳ። ከታች የምጽፈውም ለአንቺ ነው፤ ስልክሽ ላይ ከፍተሽ አትተዪው።

«ሆዴ ተነፋ» የምትለው እውነቷን ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፈው በዝግታ ነው፤ የምሳው ገና ሳይወርድ የመክሰሱ ሰዓት ይደርሳል። የሆድ ድርቀትም ይጨመርበታል። መድኃኒቱ በሰዓቱ መብላቱ ራሱ ነው፤ ጨጓራው በሳምንታት ውስጥ ሥራውን ይለምዳል። ነገሩን የሚያባብሰው ብዙ ቦታ ይዞ ጥቂት ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀጭን ሾርባ፣ በውኃ የተበጠበጠ ተልባ፣ ከምግብ በፊት የሚጠጣ ብዙ ውኃ። እንጀራም ራሱ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። «ጤናማ» ለሚለው ክርክር መልሱ ይኸው ነው፦ ጎመን ስኳርና ደም ግፊት ላለበት አጎቷ ጤናማ ነው፤ የተራበ ልብና አጥንት ላላት የ15 ዓመት ልጅ ግን የሆዷን ቦታ የሚሻማ ነው። ይህንን ለአንቺ ነው ያስረዳሁት፤ ለእሷ አንድ ጊዜ ተናግረሽ ተዪው።

ስለዚህ መጠኑ ያንስ፣ ውስጡ ይበርታ። እዚህ ላይ ፓስታና ግራኖላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግሽም። ሴት አያቶቻችን አራስ ሲያበረቱ የሚሠሩት ምግብ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ጨጨብሳ፣ ጭኮ። ጥቂት ሆኖ ብዙ የሚይዝ፣ ለስላሳ፣ ሙቅ። በ100 ግራም የገብስ ዱቄት የተገነፋ ገንፎ 350 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ መሐሉ ላይ ሲጨመር 230 ገደማ ይጨምራል። ያው ቁጥር በጎመን ይሞላ ቢባል ሳህን አይበቃውም።

የአንድ ቀን ናሙና ልስጥሽ፤ ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጠዋት 1፡30 ጨጨብሳ፤ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ቂጣ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 1 ማንኪያ ማር፣ ይኸው 650 ገደማ ነው። 4፡30 ላይ ሙዝ በ2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 290። ቀን 7፡00 አንድ መካከለኛ እንጀራ፣ በእሷ ድርሻ ላይ 1 ማንኪያ ዘይት ያለው ወፈር ያለ ሽሮ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ እርጎ፣ 700 ገደማ። 10፡00 ላይ ግማሽ አቮካዶ፣ 1 ኩባያ ያልተገፈፈ ወተትና 1 ማንኪያ ማር የተፈጨበት ጁስ፣ 330። ማታ 1፡00 አንድ ኩባያ ተኩል ሩዝ በሥጋ ቁሌት፣ 570 ገደማ። ከመተኛቷ በፊት 3፡30 በ30 ግራም የአጃ ዱቄት፣ በአንድ ኩባያ ወተትና በማር የተሠራ አጥሚት፣ 320። ድምሩ ወረቀታችሁ የሚለውን ያህል ነው። ክብደቷ ካልጨመረ አጥሚቱ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ መጨመር ሌላ ሳህን ከመጨመር ይሻላል።

በምግብና በምግብ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሰዓት ብዙ አይለፍ። ካሎሪው ከሳምንታት በኋላ ወደ 3,000ና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ አትደንግጪ። መመገብ የጀመረ አካል ማቃጠሉን ይጨምራል፤ አንዳንዶቹ ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል። ትናንት የሚያወፍር የነበረ መጠን ዛሬ ክብደቱን ባለበት ያቆመዋል።

ወተቱን በተመለከተ፦ ከረሃብ በኋላ አንጀት ላክቶስን (የወተት ስኳርን) ለጊዜው በደንብ ላይፈጭ ይችላል፤ ብዙ ሀበሻም ከመጀመሪያውም አይስማማውም። ላክቶስ የወጣለት ወተት ግዢ፤ ሙሉ ስቡ ያለበትን፣ ስኪም ያልሆነውን። እርጎና አይብም ይቀላሉ። ዝም ብሎ የአልመንድ ወተት መተካት ግን ስሕተት ነው፤ ጣዕም ያለው ውኃ ማለት ይቻላል፣ ጉልበቱም ፕሮቲኑም ትንሽ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን 1,300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ አንድ ኩባያ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይቅረብ፤ የጤፉንም የምስሩንም ብረት እንዳይገባ ያደርጋሉ፣ ቡና ደግሞ ረሃብን ያደነዝዛል። ቡና ሲፈላ ቁጭ ማለቷን አልከለክልም፤ ከሲኒው ይልቅ ለውዝ ያለበት ቆሎ በእጇ ይሁን።

ነጭ_ጋውን

የታዳጊዎች ክፍል ነርስ ነኝ። ከላይ በተጻፈው ምግብ ላይ የምጨምረው የለም፤ የእኔ የደም ምርመራውና የልቡ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም የተባሉት የደም ማዕድናት በየቀኑ ይለካ የነበረው ለምን እንደሆነ ይገባዎት። የተራበ ሰው በድንገት ሲበላ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ኢንሱሊኑም ከደም ውስጥ ፎስፌቱን ይዞ ወደ ሴሎች ይገባል። ፎስፌት ክፉኛ ከወረደ ልብና መተንፈሻ ጡንቻ ይደክማሉ። ሪፊዲንግ ሲንድረም የሚባለው ይህ ነው። አገር ቤት ከባድ የምግብ እጥረት ላለባቸው ሕፃናት ማከሚያ የሠራ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ በኤፍ-75 ወተት ቀስ ተብሎ ተጀምሮ ሲረጋጋ የበለጠ ጉልበት ወደሚሰጠው ኤፍ-100 የሚታለፈው በዚሁ ምክንያት ነው። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያው 1 እና 2 ሳምንት ስለሆነ ልጅዎ አብዛኛውን አልፋዋለች። ግን ልብ ይበሉ፤ ቤት መጥታ ለብዙ ቀናት ምግብ ብትተውና እንደገና ብትጀምር አደጋው አብሮ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ «ነገ ትበላለች» ብለው አይጠብቁ፤ የሕክምና ቡድኗ ጋ ይደውሉ፣ ደሟ ይታይ።

ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ ነቅታ ሳለች የልብ ምት በደቂቃ ከ50 በታች ወይም ተኝታ ከ45 በታች፣ ራስ መሳት፣ የደም ግፊት ከ90/45 በታች፣ ሙቀት ከ35.6 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት። ከተቀመጠችበት ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነም ለሐኪሟ ይነገር። ቁርጭምጭሚት ላይ ቀለል ያለ እብጠት መመገብ ሲጀመር ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን አይጠበቅም።

ሚዛን ቤት ውስጥ አይኑር። ካለም ያውጡት። በሳምንት አንድ ጊዜ ክሊኒክ፣ በአንድ ሚዛን፣ ሽንት ከሸናች በኋላ፣ በጋውን ብቻ፣ ጀርባዋን ለቁጥሩ ሰጥታ ትመዘን። ክብደቱን ለእሷ መንገር አለመንገር የቡድኑ ውሳኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ውስጥ 2 ኪሎ ገደማ የጨመሩ ልጆች ወላጆች ምግቡን በሚመሩበት የቤተሰብ ሕክምና የመዳን ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ «ቀስ በቀስ» የሚለው ምክር እዚህ ጋ ብዙ አይጠቅምም።

ለሆድ ድርቀት ሱቅ የሚሸጥ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳይሰጣት። በዚህ ሕመም አላግባብ የሚወሰድ ነገር ነው። ሐኪሟ የሚያዘው ሌላ ዓይነት አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወር አበባዋ ቀርቶ ከሆነ «በኪኒን ይመለስ» የሚል ሰው አይጠፋም። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ደም ያሳያል እንጂ አጥንቱን አይመልስም፤ እንዲያውም ድናለች የሚል የተሳሳተ ምልክት ይሰጣል። አጥንቱን የሚመልሰው ክብደቱና የራሷ ሆርሞን ነው። ሴት ልጅ ከአጥንቷ ጥንካሬ ከፍተኛውን ድርሻ እስከ 18 ዓመቷ ድረስ ስለምትገነባ ይህ ጊዜ ቀላል አይደለም።

ራሷን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ከተናገረች አሜሪካ ውስጥ 988 ሌሊትም ቀንም ይሠራል።

እናት_ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳህን ለይተን ጀምረናል። አሁን ያስቸገረኝ ጠረጴዛው ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ሳህኑን ገፍታ ትነሳለች። እኔ ላጉርሳት? ዘመድ ሲመጣ ደግሞ «ደህና ወፍረሻል፣ አማረብሽ» ይላታል፣ ከዚያ በኋላ እራት የለም።

ሦስተኛው_ወንበር

የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ በ1980ዎቹ የተጀመረው መንገድ ነው የምንሠራበት። መጀመሪያ ላይ ስለ ምግብ የሚወስኑት ወላጆች ናቸው፤ ክብደቱ ሲመለስ ውሳኔው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ልጅቷ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ትምህርቷ ይወራል። ወላጅን ለበሽታው ተጠያቂ አያደርግም።

ጠረጴዛው ላይ ገደብ ይኑረው። ለዋና ምግብ 30 ደቂቃ፣ ለመክሰስ 15። ከዚያ ሳህኑ ይነሳል፤ የቀረው በፈሳሽ ይተካል። 237 ሚሊ ሊትር ኢንሹር ፕላስ (ሱቅ የሚሸጥ ምግብ ተኪ መጠጥ) 350 ካሎሪ ነው፤ ግማሹን ከበላች የጎደለውን ያህል ይሰጣታል። ይህ ማስፈራሪያ ሆኖ አይቅረብ፤ እንደ መድኃኒት ሰዓት ሁሌም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይነገር። አንድ ቀን ታልፎ አንድ ቀን ሲጠበቅ ልጆች የሚይዙት የታለፈበትን ቀን ነው።

ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አብራችሁ ቁጭ በሉ፤ ፊልም፣ ካርታ፣ ሹራብ፣ ምንም ይሁን። መታጠቢያ ቤት ከምግቡ በፊት ይኬድ።

ንግግር ይጠር። «ይከብዳል፣ ይገባኛል። የሚቀጥለውን።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ማስረዳት፣ መማጠን፣ «ለእኔ ስትይ»፣ «አገር ቤት ስንት ሰው ይራባል» የሚለው ሁሉ ጥፋተኝነቷን ይጨምራል እንጂ ጉርሻ አያስገባም። አባቷ ከእርስዎ የተለየ ሐሳብ ካለው በር ዘግታችሁ ተነጋገሩ። አንዱ ወላጅ «ይብቃት» ሲል ሌላኛው «ትጨርስ» ካለ የዚያ ምሳ ነገር ያለቀለት ነው። ስትጮህና ሳህን ስትገፋ ደግሞ እርስዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ሌላ ሳህን ይቅረብ።

ጉርሻን አልመክርም። 15 ዓመቷ ነው፤ አፍ ላይ የሚመጣ እጅ ፍቅር መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆንባታል፣ የበዓል ጉርሻ እንኳ ወደፊት ሊያስፈራት ይችላል።

ቂንጬ_በቅቤ

እዚህ ላይ ከባለሙያው ትንሽ እለያለሁ። አንዳንድ ልጆች መጨረሻው ላይ የሚቀሩትን 2 ወይም 3 ጉርሻ በራሳቸው እጅ ማንሳት ያቅታቸዋል፤ «ራሴ በላሁ» ማለቱ ነው የሚከብዳቸው፣ ሌላ ሰው ካጎረሳቸው ግን ጥፋቱ ከእነሱ የወረደ ያህል ይቀላቸዋል። እንዲህ ከሆነች፣ አፏንም ራሷ ከከፈተች፣ የእናት ጉርሻ ምን ያስነውራል? የተዘጋ አፍ ላይ ግን በፍጹም።

ሦስተኛው_ወንበር

አፏን ራሷ ከከፈተች አልከራከርም። ግን ቴራፒስቷ አስቀድሞ ይወቀው።

ስለ ዘመድ፦ «ወፈርሽ» በእኛ ዘንድ ምርቃት ነው፤ እሷ ጆሮ ላይ ግን ሕመሙ የሚፈራው ነገር ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው። «ጉንጭሽ ሞላ»፣ «ፊትሽ መለስ አለ»፣ «አሁን ጤነኛ መሰልሽ» ሦስቱም ያው ናቸው። «ከሳሽ» የሚለውም ሽልማት ይሆንባታል። ዘመድ ከመምጣቱ በፊት በስልክ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላኩ፦ «እባካችሁ ስለ መልኳ፣ ስለ ክብደቷና ስለ ሳህኗ ምንም አትበሉ፤ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት።» ከአፍ ያመለጠው ሰው ቢኖር እርስዎ ወዲያው ወሬውን ያዙሩት፤ ለእሷ በኋላ ለብቻዋ «ሰምቻለሁ፣ ትክክል አልነበረም» ይበሏት። እራቱ ግን በሰዓቱ ይቀርባል።

ሰንበቴ

ስለ ጾሙ ልመልስ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሽተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ ነው፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሐሳቡን ከልጅቷ ጋር ጠረጴዛ ላይ አትጨቃጨቁበት። ነሐሴ ሳይገባ አባትና እናት የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳችሁ ነገሩን ልክ እንደ ስኳር በሽታ በግልጽ አስረዱ፤ ልብ የሚያቆም ሕመም መሆኑን፣ ምግቡ የታዘዘ መድኃኒት መሆኑን። ካህኑ ራሳቸው ለልጅቷም ለአያቷም ይንገሩ። አያት ከሐኪም ይልቅ ከካህን ሲሰሙ ይቀበላሉ፤ ለልጅቷም «እናቴ አስፈሰከችኝ» የሚለው ሸክም ይወርድላታል።

ፍልሰታ ላይ ብዙ ልጆች እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳይበሉ ይቆያሉ፤ እሷ ይህም አይፈቀድላትም። ቅዳሴ ትሂድ ከተባለ በልታ፣ ወንበር ይዛ፣ መክሰሷ በቦርሳ ሆኖ ነው። ለቁርባን የሚጠበቀው 18 ሰዓት በዚህ ጊዜ አይሆንም፤ እንዴት እንደሚሆን ለካህኑ ይተው።

ወላጆች የማያስተውሉት ሌላ ነገር ስግደት ነው። ነርሷ ስለ እንቅስቃሴ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ግን መቶ ስግደት ክፍልን ዘግቶ መስገድ መንፈሳዊ መስሎ አካል ማድከሚያ ሲሆን ይታያል። ጸሎት፣ ምጽዋት፣ መዝሙር አሉላት።

ነጭ_ጋውን

ስግደቱን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል። ልክ እንደ ስፖርት ይቆጠራል፤ ሐኪሟ እስኪፈቅድ ይቆማል። ቆሞ ማንበብ፣ ደረጃ መመላለስ፣ ቤት ውስጥ ያለ ዕረፍት ማጽዳትም እንደዚያው።

እናት_ሜሪላንድ

ካሎሪውን በጾም ምግብ ሞልተን ብናስጾማትስ? ሽሮ በዘይት፣ አቮካዶ፣ ለውዝ፣ ሱፍ አለ።

ቂንጬ_በቅቤ

በቁጥር ይሞላል። ግን አሁን አይሆንም። አንደኛ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ አንድ ላይ ሲወጡ የቀረውን ለማሟላት ሳህኑ ያብጣል፤ ጨጓራዋ የማይችለውም ይህንኑ ነው። ቫይታሚን ቢ12ና ካልሲየምም ይቀንሳሉ። ሁለተኛና ዋናው፦ «ይህ አይበላም» የሚል ሕግ ለሕመሙ የሚጣፍጥ ነገር ነው። ዛሬ ቅቤ በጾም ስም ይወጣል፣ ከፍስክ በኋላ አይመለስም። ጥያቄው ከማን እንደመጣም ተመልከቺ፤ ከመታመሟ በፊት ሳይጎተጎቱ የማይጾሙ ልጆች ከታመሙ በኋላ ረቡዕንና ዓርብን ሲጠብቁ ይታያሉ። ክብደቷ ተመልሶ፣ የወር አበባዋ መጥቶ፣ በፍስክ ቀን ያለ ክርክር የምትበላ ከሆነች፣ በሌላ ዓመት ከቡድኑ ጋር ይታይ። አያቷ ጾማቸውን ይጹሙ፤ የእሷ ቅቤ ድስት ለብቻው ይቀመጥ።

ሙስሊም ወላጆችም ይህንን ካነበባችሁ ረመዳን ላይ ነገሩ አንድ ነው፤ በሽተኛ አይገደድም።

አባት_ዳላስ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ወንድ ነው፣ 17 ዓመቱ። ቀኑን ሳይበላ ይውልና ማታ ብዙ በልቶ ያስመልሳል። የእሱም ዕቅድ እንደዚሁ ነው?

ቂንጬ_በቅቤ

ወንድሜ፣ ሰዓቱ እንደዚሁ ነው፣ ምክንያቱ ግን ይለያል። ማታ የሚመጣው ብዙ መብላት የቀኑ ባዶነት ውጤት ነው። ስለዚህ የምሽቱን ለማስቆም ጠዋቱን ታስተካክላለህ፤ ከእንቅልፉ በተነሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁርስ፣ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያልበለጠ ክፍተት። ማታ ብዙ ቢበላም በማግስቱ ቁርስ አይቀርም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ትናንት በዝቷል፣ ዛሬ ይረፍ» ይላሉ፣ ዑደቱም ከዚያው እንደገና ይጀምራል። ማዕድ ቤቱን መቆለፍም ብቻውን አይፈታውም።

በጂምና በፕሮቲን ዱቄት የተሸፈነ እንደሆነም ተመልከት፤ ወንዶች ላይ ቶሎ የማይጠረጠረው በዚህ ነው።

ነጭ_ጋውን

ማስመለስ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ ክብደቱ ደህና ሆኖ ልቡ ሊታወክ ይችላል። «ቀጭን አይደለም» ብለው አይዘናጉ። በዚህ ሳምንት የደም ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይደረግለት። ለጥርሱ፦ ካስመለሰ በኋላ ወዲያው አይቦርሽ፣ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ይፍቀዋል። በውኃ፣ ቢገኝ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ውኃ በጥብጦ ይጉመጥመጥ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይቦርሽ። የጥርስ ሐኪሙም ይወቅ።

ቦሌ_17

እኛ አዲስ አበባ ነን። እዚህ እንዲህ ያለ ቡድን ካልተገኘ ምን ይደረጋል?

ነጭ_ጋውን

ቡድኑን እናንተ ትገጣጥሙታላችሁ። የሕፃናትና ታዳጊዎች ሐኪም ለልብና ለደም፣ የአእምሮ ሐኪም ለሕመሙ፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አንዱ መነሻ ነው። ለሐኪሙ «ምግብ ጠላች» ብቻ አትበሉ፣ በጨጓራ መድኃኒት ትመለሳላችሁ። በስንት ወር ስንት ኪሎ እንደቀነሰች፣ የወር አበባዋ መቼ እንደቀረ፣ ምን ምን መብላት እንዳቆመች ጽፋችሁ ሂዱ። የልብ ምት ተኝታና ቆማ ይለካ፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ይታዘዝ። ብዙ ቀን ሳትበላ ከቆየች በቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ገንፎና ቅቤ አትጀምሩላት። ከላይ የተጻፈው ምግብ ለተረጋጋች ልጅ ነው።

እናት_ሜሪላንድ

ካህኑ ዓርብ ቀጥረውናል። የመጨረሻዬ ትምህርት ቤቱ ነው።

ሦስተኛው_ወንበር

ከመከፈቱ 2 ሳምንት በፊት ለትምህርት ቤቱ አማካሪ በጽሑፍ 504 ፕላን (አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ለታመመ ተማሪ የሚያደርገው ማመቻቸት የሚጻፍበት ዕቅድ) ይጠይቁ፤ የሐኪም ደብዳቤ ይያያዝ። የሚጻፍበት፦ ምሳዋንና መክሰሷን ከትምህርት ቤቱ ነርስ ጋር ትበላለች፣ ያልጨረሰችው የዚያኑ ቀን ለእናት በጽሑፍ ይነገራል፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነፃ ናት፣ ክፍል ውስጥ ሚዛን ላይ አትወጣም፣ የጤና ትምህርት ላይ ካሎሪ የሚያስቆጥር የቤት ሥራ በሌላ ይተካላታል። ነርሷ ማድረግ ካልቻለች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከእናንተ አንዳችሁ መኪና ውስጥ ምሳ አብሯት ይብላ።

ቂንጬ_በቅቤ

ለምሳ ዕቃው ፍርፍር ምረጪ እንጂ እንጀራና ወጥ ለየብቻ አትላኪ። በአንድ እንጀራ፣ በቁሌትና በቅቤ የተሠራ ፍርፍር በቴርሞስ ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ ሁሉም በአንድ ዕቃ ስለሆነ የቀረውን ነርሷ በዓይኗ ታየዋለች፣ ወጡ ተለይቶ አይቀርም። ቅዳሜ ቤት ውስጥ በዚያው ቴርሞስ፣ በ30 ደቂቃ አንድ ጊዜ ሞክሩት።